ሲመሽ የሚጠፋው ቻናል

እናቴ ዕድሜ ልኳን ልብስ ስትሰፋ፣ የሰፋችውን ልብስ ተለብሶ አይታ አታውቅም። ለልኬት ሲለበስማ ታያለች፤ እሱ የየቀን ሥራዋ ነው። ደንበኛዋ በካልሲ ሳሎናችን መሃል ትቆማለች፤ እናቴ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ በጉልበቷ ዙሪያዋን ትዞራለች፣ ጠርዙን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ተነስታ ራቅ ትልና ዓይኗን ጠበብ አድርጋ «እስቲ ዙሪልኝ» ትላለች። ሴትዮዋ ትዞራለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ልብሱ ይታጠፍና ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ልብሱ ወደ ግብዣ ይሄዳል፣ እናቴ ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። ለግብዣው ልብስ ሰፊዋን የጠራ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን እንደሚበላት እኔ ልጇ እንኳ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት አረንጓዴው ቀሚስ ቤታችን የገባ ጊዜ ነው።

ቀሚሱን ያዘዘችው በከተማችን ትንሿ የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ አርብ አርብ ማታ እንግዳ እየጋበዘች የምታነጋግረው አቅራቢ ናት። እናቴ ለዚያ ቀሚስ ያልሆነችው የለም። ስትተኛ ስለ እጥፋቱ ታወራለች፣ ስትነሳ ስለ እጥፋቱ ታወራለች። ምክንያቱም የቀሚሱ ነፍስ ያለው ከጀርባው ነው፤ ከትከሻ እስከ ጠርዝ የሚወርድ አንድ ረጅም እጥፋት አለው፣ ቆመው ሲያዩት የተዘጋ፣ ሲራመዱበት ግን የሚከፈት። ሦስቴ ፈታ ሰፋችው። ሴትዮዋ ለብሳው ስትዞር እኔ ከፋርማሲ ሥራዬ ደክሞኝ ገብቼ ነበር፤ ግን ድካሜን ረስቼ ቆሜ አየሁ። ስትሄድ በሩ ላይ «አርብ ሳምንት ለብሼው እቀርባለሁ፣ እንግዲህ እዩኝ» አለች። እናቴም በሩን ዘግታ፣ ጀርባዋን አስደግፋበት፣ እንደ ልጃገረድ ቀላች።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ጣቢያው ትንሽ ነው፤ በዲሽ አይታይ፣ በኢንተርኔት አይታይ፣ ያለፈውን አይደግም። ኮረብታው አናት ላይ ከቆመው ማማ በአየር ይለቃል፣ አንቴና ያለው ይይዛል፣ የሌለው ይቅርበት ነው። እኛ ደግሞ አንቴና የለንም።

«አንቴና ነው? አውቃለሁ» አለ አጎቴ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሊፍት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል፣ ቀኑን ግን የሚያሳልፈው እኛ ሶፋ ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «አውቃለሁ» ይለዋል። ሻይህ ቀዝቅዟል ብትሉት «አውቃለሁ» ይላችኋል፤ የሸሚዝህ ቁልፍ ተዛንፏል ብትሉት «አውቃለሁ» ይልና እንደተዛነፈ ይሄዳል። እወደዋለሁ። በቀን አንድ ጊዜ ያህል ደግሞ ከመስኮት ብወረውረው ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም አንቴና ልንገዛ ወጣን። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ አንቴና ተሰቅሏል። ሻጩ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ምን ዓይነት እንደምንፈልግ ከመጠየቁ በፊት የት እንደምንኖር ጠየቀ። አጎቴ ግን ጥያቄውን አላስጨረሰውም፤ የዓሣ አጥንት የመሰለውን፣ ቁመቱ እኔን የሚያህለውን የጣሪያ አንቴና አውርዶ አቅፎ ቆሟል። ጣሪያው ላይ ምንም ነገር መትከል እንደማይቻል፣ የአንድ ተከራይ ዲሽ ወድቆ የሰው መኪና ከጨፈለቀ ወዲህ የሕንፃው ባለቤት የጣሪያውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ እንደሚዞር አስታወስኩት። ምን እንዳለ መቼም ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ሁለት ቀንድ ያለውና ቴሌቪዥን ላይ የሚቀመጠው ነው። እናቴ ገና ስታየው ፊቷን አጨፈገገች፤ በሬ ቤቴ አላስገባም አለች። ሦስተኛዋ ጠፍጣፋ ናት፤ ከደብተር ሽፋን የማትወፍር፣ ነጭ፣ ቀጭን ኬብል ያላት። ሻጩ ማማው ከቤታችን ይታይ እንደሆነ ጠየቀ። ከሳሎናችን መስኮት ፊት ለፊት ይታያል አልነው። ማታ ጫፉ ላይ ያለው ቀይ መብራትስ ይታያችኋል አለ። እናቴ ማታማ መጋረጃ ስለምንዘጋ አይተን አናውቅም ብላ መለሰችለት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና፣ ማማው ከታያችሁ ውድም ትልቅም አያስፈልጋችሁም፣ ይቺው ትበቃችኋለች አለን። ቀጥሎም መስኮቱ መስታወት ላይ እንድንለጥፋት መምከር ጀመረ።

«አውቃለሁ» አለ አጎቴ። ምክሩም እዚያው ላይ ቆመ።

እናቴ በበኩሏ ምክሩን ሰምታለች፤ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ከአንገቷ የማይለየውን የልብስ ሜትር አውርዳ አንቴናዋን በቁመትም በወርድም ለካች። በቡፌውና በትልቁ መስታወት መካከል ያለው ቦታ ላይ ልክክ እንደምትል ስታረጋግጥ ግዢው ተፈጸመ። ሻጩ ከዚያ በፊት አንቴና በልብስ ሜትር ሲለካ አይቶ እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። መስኮት ላይ መለጠፉን መንገድ ላይ ሳነሳባት ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። የልብስ ሰፊ ቤት መስኮት የሱቅ ማስታወቂያ ነው፤ እዚያ ላይ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ ነገር የለም። ነገሩ ተዘጋ።

ስለ መስኮቱ ካነሳሁ መጋረጃውን ሳላነሳ ባልፍ እናቴ ትቀየመኛለች። ሳሎናችን የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ፀሐዩ የደንበኞችን ሐር እያወየበ ሲያስቸግር፣ እናቴ ከባድ ወይን ጠጅ ጨርቅ ገዝታ መጋረጃ ሰፋች፤ ከውስጡም እንደ ብር የሚያብለጨልጭ፣ የመኪና መስታወት ላይ ከሚዘረጋው የፀሐይ መከላከያ ዓይነት ገበር አደረገችበት። ሲዘጋ ብርሃን አያሳልፍ፣ ሙቀት አያሳልፍ። ደንበኞች ቀሚስ ሊለኩ መጥተው መጋረጃ አዘው ይሄዳሉ። እናቴ ገና ሲመሽ አንድ እጇ መብራቱን ሲያበራ ሌላው እጇ መጋረጃውን ይስባል፤ ሁለቱ እጆች ተማክረው አያውቁም፣ ግን አንዱ ከሌላው ዘግይቶም አያውቅም። መብራት በርቶ መጋረጃ ተገልጦ መቀመጥ ለእሷ መንገድ ዳር ተቀምጦ ፀጉር እንደማበጠር ነው። እኛም ከመልመዳችን የተነሳ መዝጋቷን ማየት ትተናል።

አንቴናዋ በቡፌውና በመስታወቱ መካከል ተሰቀለች። ራቁቷን ስለማታምር እናቴ ከሶፋው ልብስ በተረፈ ቁራጭ፣ ጠርዙ ዳንቴል ያለው ሽፋን ሰፍታ አለበሰቻት። አጎቴ ኬብሉን ሰካ፣ ሪሞቱን ይዞ የቻናል ፍለጋውን አስጀመረ፣ ቁጥሩ ሲሄድ በእጁ እያጨበጨበ ቆጠረ። ጣቢያው መጣ። አንድ ሰውዬ ስለ ጫማ አያያዝ ሲያስረዳ ነበር፤ ምስሉ ከመጥራቱ የተነሳ የጫማው ስፌት ይታያል። እናቴ ስፌቱን አይታ ሰውየውን ናቀችው፤ ግን ደስታዋ ሌላ ነበር። አጎቴ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ደረቱን ነፋ። ማንም አንቴና ሊተክል ይችላል፣ ለምን ይዋሻል፣ ግን እንዲህ የሚተክል ሰው ጥቂት ነው ብሎ ለራሱ መሰከረ።

ሲመሽ ምስሉ ጠፋ።

መጀመሪያ በካሬ በካሬ ተቆራረጠ፣ ቀጥሎ የጫማ ሐኪሙን የተካው ሰው አገጩ ግንባሩ ላይ ወጣ፣ በመጨረሻ ስክሪኑ ጠቁሮ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። እሑድ ጠዋት ተመለሰ። እሑድ ማታ ጠፋ። ሰኞም ያው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ቤታችን የምርምር ተቋም ሆነ። አጎቴ፣ ሲግናል ማለት እንደ ቧንቧ ውኃ ነው፣ ማታ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ሲከፍተው ግፊቱ ይቀንሳል አለ። በሊፍትም ያው ነው ብሎ ጨመረበት፤ በሊፍት እንዴት ያው እንደሚሆን ጠይቄው እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። እናቴ የጠረጠረችው ምድር ቤት ያለውን የፀጉር ቤት ማድረቂያ ነበር። ወርዳ ባለቤቲቱን በጨዋ ደንብ አነጋገረቻት፤ ሴትዮዋም ማድረቂያው ከተበላሸ ወር እንዳለፈው በጨዋ ደንብ ነገረቻት። ቀጥሎ አጎቴ የአንቴናዋን ዳንቴል ያለው ሽፋን ከሰሰ። እናቴ ይሄኔ ተቆጣች፤ ጥጥ ነው፣ ጥጥ ማንንም አግዶ አያውቅም ብላ በሰፋችው ነገር ስም ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። ሽፋኑ ወለቀ። ምንም ለውጥ የለም። ሽፋኑ በክብር ተመለሰ፣ አጎቴም ይቅርታ እንዲጠይቅ ተደረገ።

ማክሰኞ ተጠርጣሪው የሳሎኑ አምፖል ሆነ። የሚጠፋው መብራት ሲበራ አይደል እንዴ? አጎቴ አምፖሉን ነቀለና ሦስታችንም እርስ በርስ ሳንተያይ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን። ጥቁር ስክሪን፣ ጥቁር ክፍል። በመሃል ስልኬ ጠራ፤ ሳሎን ውስጥ ማታ ማታ ስልክ እየተቆራረጠ ስለሚያስቸግረኝ እንደ ልማዴ ኮሪደር ወጥቼ አነጋገርኩ። እናቴ እኔ ኮሪደር የምወጣው የሆነ ሰው ስላለ ነው ብላ ካመነች ቆይታለች፤ ስመለስ ጨለማው ውስጥ ሆና በረጅሙ ተነፈሰች።

ረቡዕ አጎቴ ቡስተር የሚባል ማጉያ ገዝቶ መጣ። ማጉያው የሌለውን ነገር አጎላ። ሐሙስ አንቴናዋን እንደ ጽዋ በሁለት እጁ ወደ ላይ ይዞ፣ ኬብሉን እየጎተተ፣ ከቡፌው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ስፌት መኪናው ሲዞር አመሸ። ወንበር ላይ ወጣ፣ ጠረጴዛ ስር ገባ። አንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑ «እንደምን» የሚል ድምፅ ሰጠ፤ «አመሻችሁ» የሚለው አልተከተለም።

አርብ መጣ።

እናቴ ያን ቀን ደንበኛ አልተቀበለችም። ከሰዓት ገላዋን ታጠበች፣ ለራሷ ከሰፋቻቸው ልብሶች ሁሉ የምትሳሳለትን ሰማያዊውን ለበሰች፣ መነጽሯን ወልውላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ግብዣ የምትሄድ ትመስል ነበር። ገና ብርሃን ስለነበር ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ታችም የማታው ፕሮግራም እየተጻፈ ያልፋል። ምናለ ዛሬ እንኳ ባይመሽ ብዬ ተመኘሁ። ግን መሸ። እናቴ ብድግ አለች፣ አንዱ እጇ መብራቱን አበራ፣ ሌላው መጋረጃውን ሳበ፤ ተመልሳ ሳትቀመጥ ምስሉ ይሰነጣጠቅ ጀመር።

አጎቴ አንቴናዋን ከግድግዳ ነቅሎ ተሸከማት፣ ወንበር ላይም ወጣ። ላብ በላብ ሆነ። የፕሮግራሙ መግቢያ ሙዚቃ በቁራጭ በቁራጭ መጣ። አንድ ቅጽበት ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነገር ብልጭ አለ፤ እጅጌ ይሁን ትከሻ ሳንለይ ካሬ ሆኖ ተበተነ። እናቴ ወደ ፊት ተስባ ነበር። ቀስ ብላ ተመልሳ ተደገፈች፣ መነጽሯን አወለቀች።

«ተዉት በቃ» አለች። «የሰው ልብስ ነው፤ ሰው ያየዋል።»

አንጀቴን በላችው። ማልቀስ ቢያምረኝም የኔ ለቅሶ ሁሌ የሚወጣው በቁጣ በኩል ነውና አጎቴ ላይ ዞርኩ። አጎቴም ወንበሩ ላይ እንደቆመ፣ አንቴናዋን አናቱ ላይ እንደያዘ፣ በዝግታ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለ። ደሜ ፈላ። አየር ካላገኘሁ የማልመለስበት ነገር ልናገር ነው ብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩና መጋረጃውን ሁለት እጄን ሰድጄ ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩት።

ኮረብታው ላይ፣ ጨለማው ውስጥ፣ አንድ ቀይ መብራት ታየኝ። ስንት ዓመት በኖርኩበት ቤት ያን መብራት ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከኋላዬ የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከነነጥቡ። ዞርኩ። አቅራቢዋ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብላ እንግዳዋን ስለ ልጅነቱ ትጠይቀዋለች፤ ጥርት ብላ፣ የጆሮ ጌጧ ሳይቀር እየታየ። አጎቴ ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ፣ እንዳልንቀሳቀስ ብሎ። እናቴ ግን መጀመሪያ ያየችው ቴሌቪዥኑን አልነበረም። መብራት በርቶ፣ መጋረጃ ተገልጦ! እጇ ከእሷ ቀድሞ ተነሳ፤ ሄዳ ዘጋችው።

አቅራቢዋ ተበታተነች።

ሦስታችንም መጋረጃውን አየን። እናቴ ጨርቁን ለቀም አድርጋ ትንሽ ገለጥ አደረገችው፤ የአቅራቢዋ ግማሽ ፊት መጣ። መለሰችው፤ ጠፋ። ሙሉውን ገለጠችው፤ መጣች። የብርማውን ገበር በጣቶቿ መካከል አሸት አሸት አደረገችው፤ ጨርቅ ገበያ ውስጥ ጥራት የምትለይበት አሻሸት ነው።

«ለካ እኔው ነኝ» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ስልክ ይዤ ኮሪደር የምወጣው በዚህ ምክንያት ነበር እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ሙሉ በሙሉ እውነት ባይሆንም ጊዜው የማብራሪያ አልነበረም።

አጎቴ ከወንበሩ ወርዶ መብራቱን ሊያጠፋ ሄደ፤ ቢያንስ ከውጭ እንዳንታይ ነው። ማዶ ያለው ሕንፃ ላይ ሰዎች በረንዳ ወጥተዋል፤ አንዲት ሴት ልብስ እየሰበሰበች ወደኛ ታያለች። እናቴ መስኮቱን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ የለበሰችውን ሰማያዊ ልብስ በእጇ ወደ ታች አስተካከለች።

«ተወው፣ ይብራ» አለችው። መጋረጃውን እስከ ጥጉ ሰበሰበችና ሶፋው ላይ ሳይሆን ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

ደስታችን ግን ሌላ ችግር ነበረበት፤ ሴትዮዋ ተቀምጣለች። ትልቅ ጠረጴዛ ፊቷ ተገትሯል፤ ከቀሚሱ የሚታየው አንገቱና ትከሻው ብቻ ነው። እጥፋቱ፣ ሦስቴ የተፈታው፣ እንቅልፍ የነሳን እጥፋት ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ተጣብቆ ተደብቋል። እናቴ አንገቱ ደህና ተቀምጧል አለች፤ አባባሏ ሐኪም በሽተኛን ለማጽናናት ከሚለው አይሻልም ነበር። እንግዳው ደግሞ ወሬኛ ነው። ከመጀመሪያ ሥራው ጀምሮ ስለ ሁለተኛው ሲቀጥል ስንት ሥራ እንደሠራ ማሰብ ጀመርኩ፣ ጠላሁትም።

«ተነሺ» አለች እናቴ በለሆሳስ።

አጎቴም ተነሺ እንጂ አለ። እኔም ጨመርኩ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንዲት ሴት ከወንበር እንድትነሳ ቴሌቪዥን ስንለምን፣ ማዶ ያለችው ሴት የሰበሰበችውን ልብስ እንዳቀፈች የበረንዳዋ ብረት ላይ ተደግፋ ታየናለች። እኔ ብሆን እኔም አልገባም ነበር።

እንግዳው በመጨረሻ ጨረሰ። አቅራቢዋ አመሰገነችው፣ እጁን ጨበጠችው፣ እሱን ለመሸኘት ከወንበሯ ተነሳች። ቀሚሱ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጣ፤ አረንጓዴ፣ ረጅም፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። ከፊት ለፊት ነው። እናቴ ሳታስበው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀች፣ አንገቷን ዘንበል፣ ዓይኗን ጠበብ አደረገች።

«እስቲ ዙሪልኝ» አለች።

አቅራቢዋ ዞረች። እንግዳውን ከኋላ ወዳለው በር እየመራች፣ ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ ተራመደች፤ እጥፋቱም በአንደኛው እርምጃ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ በሁለተኛው ተከፈተ። ልክ እናቴ ተኝታም ነቅታም እንዳወራችው። አጎቴ አንቴናዋን ደረቱ ላይ አቅፏት ነበር፤ አውቃለሁ አላለም፣ አፉን ከፍቶ ብቻ ያያል። እኔ ቴሌቪዥኑን ትቼ እናቴን አየሁ። እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች፣ ከንፈሯን ስፒል የያዘች ይመስል ግጥም አድርጋለች።

ፕሮግራሙ አለቀ። እናቴ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ማዶ ያለችው ሴት እጇን ስታወዛውዝልን አፈርኩና መጋረጃውን ልዘጋ ሄድኩ።

«ተዪው» አለችኝ። «ገና እያየሁ ነው።»

ስክሪኑ ላይ የፍራሽ ማስታወቂያ ነበር።